«አይሰላም» የተፈጥሮ ሕግ ሊሆን ይችላል?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ!

ከሥራ መልስ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለ ፊዚክስ ለመስማት መጥታችኋልና እግዜር ይስጥልኝ። መምህሮቼ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ፈራ ተባ እያልኩ ነው የምናገረው። ተማሪዎች እንደ ልማዳችሁ ከኋላ ናችሁ። ኑ ቅረቡ እንጂ፣ ወንበር ሞልቷል!

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ዓመት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እንዳላቀላቅልባችሁ ብዬ ነው።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር የማይችላቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹን ጨርሶ አይችላቸውም። ሌሎቹን ደግሞ ይችላቸዋል፤ ግን ዕድሜ አይበቃውም። ይህ አለመቻል የማን ችግር ነው? የመሐንዲሱ? የሒሳቡ? ወይስ የተፈጥሮ? «ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም» እንደምንለው፣ «ይህን በፍጥነት የሚያሰላ ነገር በዓለም ላይ የለም» ብለን ከፊዚክስ ሕጎች ተርታ ልናሰልፈው እንችላለን?

ሦስት ነጥብ አነሳለሁ። አንደኛ፣ ፊዚክስ ከ«አይቻልም» ምን ያህል ትርፍ እንዳገኘ። ሁለተኛ፣ ስሌት ራሱ ሙቀትና ጉልበት የሚበላ ሥራ መሆኑን። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እሱ ላይ ቆየት እንላለን።

እሺ፣ አንደኛ።

መምህርነት በጀመርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ አባት መጡ። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የኖሩ፣ እጃቸው የተባረከ ባለሙያ ናቸው። በጣውላ ላይ የታሰረ ማሽን በሰው አሸክመው ይዘው መጥተዋል። አንድ ሞተር አለ፤ አንድ ዲናሞ አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ቺንጋ አለ፤ ለማስነሻ ደግሞ ባትሪ። ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ለሞተሩ መብራት ይሰጣል፣ ከዚያ የተረፈው አምፖል ያበራል። ነዳጅ የለም። ከእኔ የፈለጉት የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። የፊዚክስ መምህር ፊርማ ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት።

አስነሱት። አምፖሉ ቦግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ፣ ከዚያ ቀጥ። «ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው» አሉ። አጠበቁት። እንደገና ቦግ፣ ደብዘዝ፣ ቀጥ። «ባትሪው ደክሟል» አሉ። እኔ በአክብሮት «ጋሼ፣ ይህ ነገር አይሆንም፤ ደብዳቤውን ልጽፍልዎት አልችልም» አልኳቸው። እሳቸው ግን የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ሳትፈታው፣ ውስጡን ሳታየው፣ እንዴት አወቅህ?»

ይህን ጥያቄ እባካችሁ ያዙልኝ። ጥያቄው ልክ ነው! እኔ ሽቦውን አልቆጠርኩም። ዲናሞውን አልፈታሁም። ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ይህ ድፍረት ከየት መጣ?

የመጣው ከረጅም የውድቀት ታሪክ ነው። በአውሮፓ ለዘመናት ብልህ የተባሉ ሰዎች ሁሉ ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚዞር ማሽን ሲሞክሩ ኖረዋል። ሁሉም ወደቁ። በ1775 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በቃኝ አለ። ከእንግዲህ የዘላለም ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ማመልከቻውን አንመለከትም ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፣ ያኔ የኃይል ጥበቃ ሕግ ገና በወጉ አልተጻፈም። ሕጉ ቅርጽ የያዘው በ1840ዎቹ ነው። መጀመሪያ «አይቻልም» መጣ፣ ሕጉ ተከትሎት መጣ።

እንዲያውም ከዚያ በፊት የሆነ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ሲሞን ስቴቪን የሚባል የፍላንደርስ ሰው ነው፤ ዘመኑ 1586። ኒውተን ገና አልተወለደም። ስቴቪን ሦስት ማዕዘን የሆነ ጉብታ ሣለ። አንዱ ተዳፋት ረጅም፣ ሌላው አጭር፤ ረጅሙ የአጭሩ እጥፍ ነው እንበል። በላዩ ላይ እኩል ክብደት ካላቸው ኳሶች የተሠራ ሰንሰለት አጠለቀበት፤ ሰንሰለቱ ከሥርም ዞሮ ይገጥማል። አሁን ይህ ሰንሰለት በራሱ መንሸራተት ይጀምራል ወይ? በረጅሙ ተዳፋት ላይ ያሉት ኳሶች ይበዛሉ፤ ይጎትቱ ይሆን? ስቴቪን እንዲህ አሰበ። ሰንሰለቱ ትንሽ ከተንሸራተተ፣ መልኩ ተመልሶ ያው ነው። ስለዚህ እንደገና ይንሸራተታል። ከዚያም እንደገና። ለዘላለም! ይህ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ሰንሰለቱ ቆሟል። ከሥር የተንጠለጠለው ክፍል በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚጎትት ቁረጡና ጣሉት፤ የላይኛው አሁንም ቆሟል። ስለዚህ በረጅሙ ተዳፋት ላይ ያለ ሁለት ኪሎ በአጭሩ ላይ ያለን አንድ ኪሎ ይመጥናል። አበቃ!

አያችሁ? የተዳፋት ሕግ ወጣ። ምንም ቀመር የለም። አንድ «አይቻልም» ብቻ።

ካርኖ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስም በ1824 ያደረገው ይህንኑ ነው። የትኛውም የእንፋሎት ሞተር ከዚህ ጣሪያ አያልፍም ሲል፣ ሞተር ፈትቶ አይደለም። ካለፈ የዘላለም ማሽን ይሠራል፣ ያ ደግሞ አይሆንም ብሎ ነው። አይንስታይንም በ1905 አንድ መከልከል አስቀመጠና ከእሱ ተነስቶ ጊዜና ርቀትን እንደ አዲስ ጻፈ። እንግዲህ ለእኚያ አባት የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሳልፈታው ያወቅሁት፣ መርህ ማለት ሳይፈቱ ማወቅ ስለሆነ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይህኛውን ቶሎ ቶሎ ነው የምሄድበት።

ስሌትም የራሱ «አይቻልም» አለው። በ1936 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው አላን ቱሪንግ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ የመጀመሪያውን አመጣ። የትኛውንም ፕሮግራም ተመልክቶ «ይህ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል» ወይም «ይህ ሳይቆም ለዘላለም ይዞራል» ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርድ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። ማረጋገጫው አጭር ነው። እንዲህ ያለ ፈራጅ አለ እንበል። እኔ ደግሞ አንድ እልኸኛ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ፈራጁን ስለራሱ ይጠይቀዋል። «ትቆማለህ» ካለው ይዞራል፤ «አትቆምም» ካለው ይቆማል። ፈራጁ ምንም ቢል ይሳሳታል። ስለዚህ ፈራጁ የለም።

ይህ ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ፊዚክስ የት ገባበት? ትሉኝ ይሆናል። ቆይ። አንድ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን እርምጃ በ1 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በግማሽ፣ ሦስተኛውን በሩብ ቢሠራ በ2 ሰከንድ ውስጥ ማለቂያ የሌለው እርምጃ ይሠራል። ፕሮግራሙ ይቁም አይቁም ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ ቱሪንግን አመለጠው! በሒሳብ ምንም ነውር የለበትም። ታዲያ ለምን አንሠራውም? ፊዚክስ ስለሚከለክል ነው። በፈጠንክ ቁጥር ብዙ ኃይል ትፈልጋለህ። ኃይሉን በጠባብ ቦታ ካጨቅኸው ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር፣ ይሆንና ኮምፒውተርህን ይውጠዋል። ሴዝ ሎይድ የተባለ ተመራማሪ በ2000 አስልቶት ነበር። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኮምፒውተር፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኃይል ተለውጦ እንኳ፣ በሰከንድ ሊሠራ የሚችለው ከ5 ቀጥሎ 50 ዜሮ ያህል እርምጃ ነው። እጅግ ብዙ ነው። ግን ገደብ አለው። ስለዚህ ቱሪንግ በወረቀት ላይ ብቻ ላሰበው ማሽን ያወጣው ክልከላ ለእውነተኛ ማሽኖችም የሚሠራው፣ ዓለማችን በዚህ መልክ ስለተሠራች ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ስሌት ፊዚክስን ያዳነበት ታሪክ አለ። የፊዚክስ ሰው የሆነው ማክስዌል በ1867 አንድ ተንኮል አሰበ። በመሐሉ በር ያለው ሳጥን አለ፤ አየር ሞልቶበታል። በሩ ላይ አንድ ሚጢጢ ፍጡር ቆሟል። ፈጣን ሞለኪውል ሲመጣ ወደ ቀኝ ያሳልፋል፣ ቀርፋፋውን ወደ ግራ። ውሎ አድሮ ቀኙ ይሞቃል፣ ግራው ይቀዘቅዛል። ያለ ምንም ሥራ! ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አይሄድም የሚለው ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ፈረሰ ማለት ነው። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ፍጡር ለመያዝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

የተያዘው በምን መሰላችሁ? በማስታወሻ ደብተሩ! ሮልፍ ላንዳወር፣ የአይቢኤም ሰው፣ በ1961 እንዲህ አለ። አንድ ቢት መረጃ፣ ማለትም አንዲት «አዎ» ወይም «አይ»፣ በሰረዝክ ቁጥር የተወሰነ ሙቀት ትለቃለህ፤ ከዚያ በታች መክፈል አይቻልም። በክፍል ሙቀት መጠኑን ለማወቅ 1 ጁልን ለቢሊዮን፣ የደረሰውን እንደገና ለትሪሊዮን አካፍሉት፤ ከዚያ 3 ገደማ ውሰዱ። ኢምንት ነው። ግን ዜሮ አይደለም። ቻርልስ ቤኔት በ1982 ነገሩን ቋጨው። ፍጡሩ ሞለኪውሎቹን ማየቱ ላያስከፍለው ይችላል። ያየውን ግን ይመዘግባል፤ ደብተሩ ይሞላል፤ ሲሞላ መሰረዝ አለበት። ሲሰርዝ ያተረፈውን ሁሉ ይከፍላል። ሕጉ ዳነ። በ2012 ደግሞ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አንዲት የመስታወት ቅንጣት በሌዘር ይዘው፣ አንድ ቢት ሰርዘው፣ ሙቀቱን ለክተው የላንዳወርን ቁጥር አገኙት።

ስለዚህ ፍጡሩ ስንት ቢት ሰረዘ ብሎ መጠየቅ የፊዚክስ ጥያቄ ነው።

ደክሟችኋል? አይዞን። ዋናው ገና መጣ።

ሦስተኛው ነጥብ የሚያስቸግሩ ስሌቶች ናቸው። ይቻላሉ፣ ግን አያልቁም። በአንድ ወቅት በክፍላችን የፈተና ፕሮግራም የማውጣት ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። መምህራኑ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ሲስቁ ይታየኛል። ማንም ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና ሊኖረው አይገባም። ቀላል ይመስላል። ግን «አድ» ያደረገ አለ፣ ከታችኛው ዓመት የተንጠለጠለ ኮርስ ያለው አለ፣ ከሌላ ዲፓርትመንት የሚወስድ አለ። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይፈርሳል። ማክሰኞን ስትነካ ዓርብ ይጮኻል። በር ላይ ደግሞ ሰልፍ፤ «መምህር፣ ክላሽ አለብኝ!»

እስቲ እናስላው። 40 ኮርስ አለ፣ 10 የፈተና ሰዓት አለ። ስንት ዓይነት ድልድል ይኖራል? ከ1 ቀጥሎ 40 ዜሮ። በሰከንድ ቢሊዮን ድልድል የሚመረምር ኮምፒውተር ሁሉንም ልሞክር ቢል ከዓለም ዕድሜ ከ20 ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ይፈጅበታል። የዓለም ዕድሜ እኮ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው! ግን ጎበዝ፣ አንድ ሰው «ይኸው ፕሮግራሙ» ብሎ የተሠራ ወረቀት ቢሰጠኝ፣ ትክክል መሆኑን ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አጣራዋለሁ። ማጣራት ቀላል፣ ማግኘት ከባድ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

እርግጥ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ከመሞከር የተሻሉ ብልሃቶች አሉ። ለዚህ ነው ፈተና በየሴሚስተሩ የሚሰጠው። ግን የኮርሱ ብዛት ሲጨምር በማንኛውም ሁኔታ የማይከዳ ፈጣን ብልሃት እስካሁን ማንም አላገኘም። በ1971 ስቲፈን ኩክ፣ በ1973 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ሊዮኒድ ሌቪን፣ ለየብቻቸው አንድ አስደናቂ ነገር አሳዩ። እንዲህ ያሉ ችግሮች ዘመዳሞች ናቸው። በመካከሉ፣ በ1972፣ ሪቻርድ ካርፕ 21 የሚሆኑትን ዘረዘረ፤ የእኔ የፈተና ድልድልም በሌላ ስም እዚያ ውስጥ አለ። ኤንፒ ኮምፕሊት ይባላሉ። አንዷን በፍጥነት የፈታ ሁሉንም ፈታ ማለት ነው። ጭነት ማከፋፈል፣ ማይክሮቺፕ መንደፍ፣ የሒሳብ ማረጋገጫ መፈለግ፣ ሁሉንም! በ2000 ክሌይ የሒሳብ ተቋም እንዲህ ያለ ፈጣን ብልሃት መኖሩን ወይም አለመኖሩን ላረጋገጠ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር አስቀምጧል። ብሩ እስካሁን አልተነካም።

እና አንድ ተንኮለኛ ተማሪ ይነሳና ይላል፦ «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ካቃተው ተፈጥሮን ብንጠይቃትስ? የሳሙና አረፋ ሁልጊዜ ትንሹን ስፋት ይመርጣል አይደል?» ጎበዝ! እውነትም ይመርጣል። ሁለት ግልጽ ፕላስቲክ ውሰዱ፤ በመካከላቸው ምስማር አቁሙ፤ ላርጎ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡት። ስስ የሳሙና ሽፋን ምስማሮቹን ያያይዛቸዋል። ምስማሮቹን በአጭር መንገድ ማገናኘት ደግሞ፣ ሲበዙ፣ ከእነዚያ ከባድ ችግሮች አንዱ ነው። ታዲያ ላርጎ ሚሊዮኑን ዶላር ሊያሸልመን ነው?

ይህንን ከተማሪዎቼ ጋር ሠርተነዋል። በአራት ማዕዘን ላይ አራት ምስማር ስታቆሙ ያምራል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ብታስቡ፣ ማዕዘኖቹን በመስቀል ብታገናኙ 2.83 ሜትር ይሆናል። ሳሙናው ግን በመሐል ሁለት መጋጠሚያ ፈጥሮ፣ እያንዳንዱን በ120 ዲግሪ ከፍሎ፣ በ2.73 ሜትር መጠን ይጨርሰዋል። ማንም አላስተማረውም! ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ ካሬውን ትንሽ ሳብ አድርገን አራዘምነው። አሁን ሽፋኑ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዘም ያለ። ስናወጣው አንዳንዴ ረጅሙ ላይ ቁጭ ይላል። እዚያው ይቀመጣል! እፍ ስትሉበት ተንሸራትቶ ወደ አጭሩ ይገባል። ካላላችሁት ግን ረክቶ ይኖራል። ምስማሩን ስታበዙ እንዲህ ተይዞ የሚቀርበት ቦታ ይበዛል፤ የቱ ጋ እፍ እንደሚባልም አይታወቅም። ስኮት አሮንሰን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ይህንኑ በራሱ እጅ ሞክሮ በ2005 ጽፎታል፤ ያገኘውም ይህንኑ ነው። ተፈጥሮ አቅራቢያዋ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ታገኛለች እንጂ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ታገኛለች የሚል ዋስትና የለም። ፕሮቲን እንኳ አንዳንዴ ተጣጥፎ የማይገባው ቦታ ላይ ይቀራል፤ «የእብድ ላም» የተባለውን በሽታ የሚያመጣው እንዲህ ያለ ፕሮቲን ነው።

አሮንሰን ከዚህ ተነስቶ ያቀረበው ሐሳብ ነው እዚህ ያሰባሰበን። እንዲህ ይላል። የዘላለም ማሽን እንደማይኖር እንደተቀበልን ሁሉ፣ ኤንፒ ኮምፕሊት ችግሮችን በፍጥነት የሚፈታ ምንም ዓይነት ቁሳዊ መሣሪያ እንደማይኖር እንቀበል። በሳሙናም፣ በሌዘርም፣ በኳንተምም፣ በጥቁር ጉድጓድም። እንደ መርህ እንያዘውና ምን እንደሚያስተምረን እንይ።

ምን ያስተምረናል? ምሳሌ ልስጣችሁ። የአተሞችን ዓለም የሚገልጸው የኳንተም ሜካኒክስ እኩልታ ቀጥተኛ ነው፤ ሁለት መፍትሔ ስትደምር ድምሩም መፍትሔ ይሆናል። ለምን? በትንሹ ጎበጥ ቢልስ? ስቲቨን ዋይንበርግ፣ የኖቤል ተሸላሚው፣ በ1989 ጎበጥ ያለ ዓይነት ጽፎ «እስቲ ፈትኑት» አለ። በአተሞች ላይ ተፈተነ፤ ጉብጠት አልተገኘም። በ1998 አብራምስና ሎይድ ሌላ ነገር አሳዩ። እኩልታው እንዲያ ቢጎብጥ ኖሮ የኳንተም ኮምፒውተር የእኔን የፈተና ፕሮግራምና ዘመዶቹን ሁሉ በፍጥነት ይፈታ ነበር! አሁን የ1775ቱን አካዳሚ አስቡ። መርሁን የተቀበለ ሰው የዋይንበርግን ማሽን ገና በሩቁ «አይሆንም» ይለዋል። ኒኮላ ጂዛን ደግሞ ያ እኩልታ ከብርሃን ፈጥኖ መልእክት መላክን እንደሚፈቅድ አሳይቷል። ሁለት የተለያዩ ክልከላዎች አንዱን ተጠርጣሪ ያዙት። ይህ አይገርምም? ወደ ኋላ በጊዜ መጓዝም ያው ነው። አሮንሰንና ጆን ዋትረስ እንዳሳዩት ያ ቢቻል ኮምፒውተሮች ከኤንፒ ኮምፕሊትም ይከብዳሉ የሚባሉ ችግሮችን ይፈቱ ነበር።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሱትን አስቀድሜ ልመልስ። «ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም በአንዴ ይሞክራል አይደል?» አይደለም! ዩቲዩብ ላይ የምትሰሙት ይህ ነገር ስህተት ነው። ሁሉንም ማሰለፍ ይችላል፤ ግን ስታየው የሚነግርህ አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም በዕጣ። ትክክለኛው መልስ ጎልቶ እንዲወጣ የስሕተቶቹ ሞገዶች እርስ በርስ መጠፋፋት አለባቸው። ለዚህ ደግሞ የችግሩ ውስጣዊ ቅርጽ መመቸት አለበት። በ1994 ፒተር ሾር ያገኘው አልጎሪዝም፣ ማለትም የስሌት ብልሃት፣ ትልቅ ቁጥርን ወደ አባዢዎቹ ሲፈታ እንዲህ ያለ ቅርጽ ተጠቅሟል። ያ ችግር ግን ኤንፒ ኮምፕሊት ነው ተብሎ አይታመንም። ቅርጽ ለሌለው ፍለጋ ያለው የሎቭ ግሮቨር ዘዴ ነው፤ 1996። ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልገውን ወደ ሺህ ገደማ ያወርዳል። ጥሩ ነው። ግን በጭፍን ፍለጋ ከዚህ በላይ በኳንተምም እንደማይሄድ በሒሳብ ተረጋግጧል።

ሾር ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አድርጓል። ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ይዞት የነበረው ክልከላ «ከተራ ኮምፒውተር በእጅጉ የሚፈጥን ቁሳዊ መሣሪያ የለም» የሚል ነበር። ሾር ይህን አናጋው። ስለዚህ ክልከላው ጠበብ ብሎ እንደገና ተጻፈ። አንዳንዶች በዚህ ይስቃሉ፤ «ሲመቻችሁ የምታስተካክሉት ምን ዓይነት መርህ ነው?» ይላሉ። እኔ አልስቅም። የኃይል ጥበቃም አይንስታይን ሲመጣ ክብደትን ጨምሮ እንደገና ተጽፏል።

የመጨረሻው ምሳሌ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ስቲቨን ሆኪንግ በ1974 ጥቁር ጉድጓድ ቀስ እያለ እንደሚተን አሳየ። በ2012 አራት የፊዚክስ ሰዎች አንድ ጣጣ አመጡ። አንድ ተመራማሪ የተነነውን ጨረር ሰብስቦ፣ ውስጡ የተደበቀውን መረጃ አውጥቶ፣ ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ቢገባ የኳንተም ሕግ ሲጣስ በዓይኑ ያያል። ይህ እንዳይሆን የጉድጓዱ ጠርዝ የእሳት ግድግዳ መሆን አለበት። አይንስታይን ደግሞ ጠርዙ ላይ ምንም የለም ይላል። ትልቅ ክርክር ተነሳ።

በ2013 ዳንኤል ሃርሎውና ፓትሪክ ሄይደን ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ጠየቁ። ሰውዬው መረጃውን ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? የፀሐይን ክብደት የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ ተንኖ ለማለቅ ከ1 ቀጥሎ 67 ዜሮ የሚያህል ዓመት ይፈልጋል። ረጅም ነው። የጉድጓዱ መረጃ ደግሞ በቢት ከ1 ቀጥሎ 77 ዜሮ ገደማ ነው። እነሱ ባቀረቡት ማስረጃ መሠረት መረጃውን ማውጣት ከዚያ የቢት ብዛት ጋር በእጥፍ በእጥፍ እያደገ ይሄዳል። ያንን ቁጥር እዚህ ሰሌዳ ላይ ልጻፈው ብል ዜሮው ራሱ አያልቅም። ሰውዬው ገና ሲያሰላ ጉድጓዱ ተንኖ አልቋል። የሚዘልበት የለም! ቅራኔውን ማንም በዓይኑ ሊያይ አይችልም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ ነው ለእኔ የሚገርመኝ። የፈተና ፕሮግራም ሳወጣ ራሴን የሚያዞረኝ ዓይነት ጣጣ የጥቁር ጉድጓድን ጠርዝ ከእሳት ሊያድን ይሞክራል።

አሁን በግልጽ ልናገር፤ በሁሉም አልረካሁም። በመጀመሪያ፣ እነዚህ ችግሮች በእርግጥ ከባድ መሆናቸው በሒሳብ አልተረጋገጠም። ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ፈጣን አልጎሪዝም ይዞ ቢመጣ መርሁ በአንድ ቀን ይወድቃል። ይህ ብዙ አያስጨንቀኝም፤ ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግም ከልምድ የመጣ ነው። ሁለተኛው ይከነክነኛል። «ከባድ» የምንለው የችግሩ መጠን እያደገ ሲሄድ ያለውን ነው። ስለ 40 ኮርስ ብቻ መርሁ የሚለው ነገር የለም። የዘላለም ማሽንን ግን ትንሽም ሆነ ትልቅ አንፈቅድም። ሦስተኛው ከሃርሎውና ሄይደን ጋር ነው። የእሳቱ ግድግዳ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም። እኔ አሰላሁ አላሰላሁ ጠርዙ ምን አገባው? አንዳንድ ባልደረቦቼ «ማንም ሊያየው የማይችል ቅራኔ ቅራኔ አይደለም» ይሉኛል። እኔ ገና አልተዋጠልኝም። ዋይንበርግ ላይ መርሁ መሣሪያን ነው የከለከለው፤ ያ ይገባኛል። እዚህ ግን ተመልካችን ነው የሚከለክለው፤ ይህን ደግሞ ከሙቀት ሕጎች ተርታ ለማሰለፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ከፊት ሆነው ራስዎን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። መብራት ሳይሄድብን ማይኩን ይውሰዱና የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእርስዎ እንጀምር።